አንዱ ሲነጣ አንዱ ለምን ይጸናል?

በሃዋይ፣ ካኔኦሄ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ውሃው ከልክ በላይ በሞቀባቸው እ.ኤ.አ. የ2014 እና የ2015 ወራት ጠላቂ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የሳበ ነገር ተመለከቱ። ሁለት ኮራሎች ጎን ለጎን፣ ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው በቅለዋል። ዝርያቸው አንድ ነው። የከበባቸው ውሃም፣ የሚያርፍባቸው ፀሐይም፣ የደረሰባቸው ሙቀትም አንድ ነው። ሆኖም አንደኛው ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነጥቷል፤ የሌላኛው ቡናማ መልክ አልተነካም። እንዲህ ያሉ ጥንዶች በየቦታው ስለነበሩ ተመራማሪዎቹ ምልክት አደረጉባቸውና ይከታተሏቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙቀቱ ሲመለስ ቀድሞ የነጡት ዳግመኛ ነጡ፤ ቀድሞ የጸኑት በአብዛኛው ጸንተው ቆዩ። ልዩነቱ የአንድ ሰሞን አጋጣሚ አልነበረም።

በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሪፍ ላይ፣ ሙቀትን የመቋቋም አቅም ከኮራል ኮራል እንደሚለያይ ዛሬ በብዙ ባሕሮች ተረጋግጧል። የኮራል ሪፎች ከዓለም የባሕር ወለል 1 በመቶ በማይሞላ ቦታ ላይ ተወስነው ሩብ ያህሉን የባሕር ፍጥረት ያስጠልላሉ፤ ማዕበል ሰብረው የባሕር ዳርቻ መንደሮችን ይጠብቃሉ፤ ዓሣ አስጋሪዎችን ያበላሉ። ባሕሩ እየሞቀ በመሄዱ ግን በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 እና ከ2023 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሱ አራት የመንጣት ዘመኖች ተመዝግበዋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኮራሎች ሁሉ በእኩል ሙቀት የሚሞቱ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። የሚለያዩ ከሆነ፣ ልዩነቱም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ ግን፣ ተፈጥሮም ሰውም የሚመርጡት ነገር አለ ማለት ነው።

ኮራልን የሚያየው ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል፤ እንስሳ ነው። አንድ ኮራል እርስ በርስ የተያያዙ፣ ብዙዎቹ ከምስር ፍሬ የማይተልቁ፣ ፖሊፕ የሚባሉ ለስላሳ እንስሳት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚያጠምድባቸው ቀጫጭን ክሮች አሉት። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ እያመነጨ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። አጽሙ ከታች ይቀራል፤ ሕያው ሽፋኑ ከላይ ይቀጥላል፤ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ሪፍ የሚባለው የባሕር ውስጥ ግንብ ይቆማል። ይህን ግንባታ የሚሸከመው ጉልበት በአብዛኛው የኮራሉ የራሱ አይደለም። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ከሠሩትም እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ለባለቤቱ ያስረክባሉ። የኮራሉ ቡናማ መልክም የእነሱ ነው።

ሙቀት ይህን አብሮ መኖር ያፈርሰዋል። በአንድ አካባቢ እጅግ ሞቃት በሆነው ወር ከሚለመደው አማካይ ሙቀት ላይ 1 ዲግሪ ብቻ ተጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ ይበቃል። አልጌዎቹ ብርሃን የሚቀበሉበት የውስጥ አካል ይታወካል፤ ሴሎችን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውህዶች ይከማቻሉ፤ ኮራሉም አልጌዎቹን ያጣል። ያን ጊዜ ብርሃን አሳላፊ በሆነው ሥጋ በኩል ነጩ አጽም ይታያል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ተመልሰው ሊያገግም ይችላል፤ ሙቀቱ ከሰነበተ ግን ይሞታል። ለዚህም ነው የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ የጫናውን ልክ የሚያሰላው ሙቀቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለና ስንት ሳምንት እንደቆየ አንድ ላይ አስቦ የሆነው። መለኪያው ዲግሪ ሳምንት ይባላል። 4 ዲግሪ ሳምንት ሲደርስ መንጣት ይጠበቃል፤ 8 ሲደርስ ሞት ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ወሰኑ የሚቆጠረው ከየአካባቢው ልማድ ተነሥቶ ነው እንጂ ለሁሉም ባሕር የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። በአንድ ባሕር ኮራሎች ገና በ29 ዲግሪ መንጣት ሲጀምሩ በሌላው 34 ዲግሪን ችለው ይከርማሉ። ይህ ልዩነት ከሦስት ምንጮች ሊመጣ ይችላል፤ ከአልጌዎቹ፣ ኮራሉ በሕይወቱ ከለመደው፣ ወይም ከወላጆቹ ከወረሰው ዘር። ሦስቱን መለየት የዚህ ጥናት ግማሽ ድካም ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳ ይመስል ነበር። በኮራል ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በተለይ ዱሩስዲኒየም የተባለው ወገን ሙቀትን በመቻል ይታወቃል። በአውስትራሊያ፣ አክሮፖራ ሚሌፖራ በተባለው ኮራል ላይ የተሠራና በ2006 የታተመ ጥናት ይህን አልጌ ያስገባ ኮራል ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት እንደሚችል አሳይቷል። በፓናማ የፓስፊክ ዳርቻም ከከባድ የመንጣት ዘመኖች በኋላ በሕይወት የተገኙት ኮራሎች ብዙዎቹ ይህንኑ አልጌ የያዙ ነበሩ። ጥቅሙ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዱሩስዲኒየም ለኮራሉ የሚያካፍለው ምግብ አነስ ስለሚል ኮራሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። ሌላም ችግር አለ። አብዛኞቹ የኮራል ዝርያዎች አልጌያቸውን ከወላጅ አይወርሱም፤ ትንሹ ኮራል ከባሕሩ ውሃ ውስጥ እንደ አዲስ ይሰበስባል። ስለዚህ እናትየው ጥሩ አልጌ ስለነበራት ልጆቿ ይኖራቸዋል ማለት አይቻልም። የካኔኦሄዎቹ ኮራሎች አልጌውን በእንቁላላቸው ውስጥ አድርገው ከሚያስተላልፉት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ምንጭ፣ መላመድ፣ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ሳሞአ በምትገኘው ኦፉ ደሴት ነው። ከሪፉ ጀርባ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ገንዳ መሰል ውሃዎች ጎን ለጎን አሉ። በአንደኛው የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ አልፎ ይሄድና በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል፤ በሌላው መለዋወጡ ረገብ ያለ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ፓሉምቢና ባልደረቦቹ ኮራሎቹን ከገንዳ ገንዳ አዛወሯቸው። ከለዘብተኛው ገንዳ ወደ ሞቃቱ የተዛወሩት በሁለት ዓመት ውስጥ ሙቀት የመቻል አቅማቸው ከፍ አለ፤ ነገር ግን እዚያው ተወልደው ካደጉት ጋር አልተካከሉም። አቅማቸው የተጓዘው የመንገዱን ግማሽ ያህል ነበር። ቀሪው ግማሽ በመልመድ የማይገኝ፣ በተፈጥሮ ይዘውት የመጡት ነው ማለት ነው። ይኸው ቡድን በ2013 ባወጣው ሥራ ደግሞ የሞቃቱ ገንዳ ኮራሎች ሌሎቹ ሙቀት ሲደርስባቸው ብቻ የሚቀሰቅሷቸውን 60 ያህል ጂኖች ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት ከፍ አድርገው እንደሚያሠሩ አሳይቶ ነበር። ጎርፍ ሳይመጣ ቦይ እንደሚቆፍር ገበሬ ናቸው።

ውርሱን በእርግጥ ለማሳየት ግን ማዳቀል ያስፈልጋል። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ በመሆኑ ሰሜኑ ሞቃት፣ ደቡቡ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በታተመው ጥናት የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋምና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአክሮፖራ ሚሌፖራ ኮራሎችን ከሁለት ቦታ አመጡ። ከሰሜን የመጡት ከፕሪንሰስ ሻርሎት ቤይ፣ ከደቡብ የመጡት ከኦርፊየስ ደሴት ነበሩ። በሁለቱ መካከል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ በበጋውም ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ።

የማዳቀሉ ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነው። አክሮፖራ ዘሩን የሚለቀው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ጥቂት ሌሊቶች በኋላ ነው። ገንዳ ውስጥ የተቀመጠው ኮራል ጨለማው ከበረታ በኋላ በየፖሊፑ አፍ ላይ ሮዝ መልክ ያለው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል እንክብል ብቅ ያደርጋል። ቀይ መብራት ይዘው የሚጠባበቁት ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ እንክብሎቹ በአንድ ላይ ይለቀቁና እየተንሳፈፉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እያንዳንዱ እንክብል እንቁላልም የወንድ ዘርም የያዘ ነው፤ ኮራሉ ሴትም ወንድም ነውና። እንክብሎቹ ተጠልፈው በጥሩ ወንፊት ላይ ይፈርሳሉ። የወንዱ ዘር ያልፋል፤ እንቁላሉ ይቀራል፤ ደጋግሞም ይታጠባል። ከዚያ በኋላ የሰሜን እናት ከደቡብ አባት፣ የደቡብ እናት ከሰሜን አባት፣ እንዲሁም ሁለቱ ወገኖች ለየብቻቸው ይዳቀላሉ። የሚፈለፈሉት እጮች ገና አልጌ አልያዙም፤ ምንም ዓይነት ሙቀትም አልለመዱም። የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከወላጅ የመጣ ይሆናል።

እጮቹ በሙቅ ውሃ ሲፈተኑ ወላጆቻቸው ከሞቃቱ ሰሜን የመጡት የመትረፍ ዕድላቸው ከቀዝቃዛው ደቡብ ልጆች እስከ 10 እጥፍ በለጠ። ከአባት ይልቅ የእናት ድርሻ ከፍ ያለ ነበር። ለዚህ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ይህ የሴል ኃይል ማመንጫ የራሱ ዘረመል ያለውና ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። በሞቃቱ ሰሜን ያለው አቅም በመዳቀል ወደ ደቡብ ሊሻገር እንደሚችል በግልጽ የታየው በዚህ ሥራ ነበር።

ታዲያ ይህ አቅም በየትኛው ጂን ላይ ተጽፏል? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሙቀት ሲደርስ የሴሉን ፕሮቲኖች ከመበላሸት የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱን የሚቀሰቅሰው ዋና ጂን ኤች.ኤስ.ኤፍ.1 ይባላል። በ2020 በታተመ ሥራ ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ይህ ጂን የተበላሸባቸው የአክሮፖራ እጮች በ27 ዲግሪ በሰላም ሲኖሩ በ34 ዲግሪ አለቁ፤ ጂናቸው ያልተነካው ግን ተረፉ። ጂኑ ለሙቀት የግድ አስፈላጊ ነው። ይህ ማለት ግን በባሕር ውስጥ በአንዱና በሌላው ኮራል መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ጂን የመጣ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በታላቁ ባሪየር ሪፍ ከ12 ቦታዎች የተሰበሰቡ 237 ኮራሎችን ዘረመል መርምሮ መንጣትን ብቻውን የሚወስን አንድ ትልቅ ጂን አላገኘም። አቅሙ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ ብዙ ጂኖች ላይ ተበትኗል። የሰው ቁመት እንደሚወረሰው፣ የላም ወተት እንደሚወረሰው ማለት ነው።

ይህ በአንድ በኩል ያስደስታል፤ ብዙ ጂኖች ካሉ ለምርጫ የሚሆን ብዙ ልዩነት አለ። በሌላ በኩል ጠንካራውን ኮራል በአንድ የላቦራቶሪ ምርመራ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ መፈተኛው ያው ሙቅ ውሃ ሆኖ ቀርቷል። አሁን በብዙ አገሮች የተለመደው ፈተና 18 ሰዓት ይፈጃል። ከአንድ ኮራል ጣት የሚያህሉ ቁርጥራጮች በመቁረጫ ይወሰዱና በአራት ገንዳዎች ይከፋፈላሉ። አንዱ ገንዳ በአካባቢው በተለመደው የበጋ ሙቀት ይቆያል፤ ሌሎቹ በ3፣ በ6 እና በ9 ዲግሪ ከፍ ይላሉ። ሦስት ሰዓት ይሞቃሉ፣ ሦስት ሰዓት በዚያው ይቆያሉ፣ ከዚያም ቀዝቅዘው ያድራሉ። ጠዋት በቁርጥራጩ ላይ የብርሃን ብልጭታ ይለቀቅና የአልጌዎቹ አሠራር ምን ያህል እንደተጎዳ ይለካል። አሠራሩ በግማሽ የወረደበት ሙቀት የዚያ ኮራል ውጤት ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ዓይነት ፈጣን ፈተና በታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ከ17 ሪፎች 569 ኮራሎች ተለክተው ልዩነቱ ከሪፍ ሪፍ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሪፍ ውስጥም በጣም ሰፊ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ጉዳይ ከማናቸውም ባሕር ይልቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ብዙ የሚነግረው አለው። የኮራል ታሪክ በዚህ አካባቢ በደረቅ መሬት ላይ ሳይቀር ተጽፏል። በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ፣ ዛሬ ጨውና አሸዋ በሆነው በረሃ ዳርቻ የኮራል ሪፍ ቅሪቶች ከባሕር ጠለል በታች በሆነ ቦታ ቆመው ይታያሉ። ከ100,000 ዓመት በላይ ወደኋላ፣ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዘልቆ በገባበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ባሕሩ ሲቋረጥ ውሃው ተነነ፤ ሪፉ በፀሐይ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የበረዶ ዘመን የቀይ ባሕርን ኮራሎች ክፉኛ አጠቃ። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕሮች ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነበር። የባብ ኤል መንደብ መግቢያ ጠበበ፤ ከህንድ ውቅያኖስ የሚገባው ውሃ ቀነሰ፤ ቀይ ባሕር አብዛኛው ኮራል ሊኖርበት እስከማይችል ድረስ ጨው በዛበት። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲሞላ ኮራሎች ከደቡብ በኩል እንደገና ገቡ። ወደ ሰሜን ለመድረስ ግን በመጀመሪያ በጋው ከ32 ዲግሪ በሚያልፈው፣ ዛሬ የዳህላክ ደሴቶች በሚገኙበት በደቡባዊው ውሃ ማለፍ ነበረባቸው። እስራኤላዊው የባሕር ተመራማሪ ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 ያቀረቡት መላምት እንዲህ ይላል፤ ደቡቡ እንደ ወንፊት ሆኖ ሙቀት የማይችሉትን አስቀረ፤ የሚችሉት ብቻ ትውልድ በትውልድ እየተስፋፉ በጋው በተለምዶ 27 ዲግሪ አካባቢ ወደሆነው ወደ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ። ያንን የሙቀት አቅም ግን ይዘውት ቀሩ።

መላምቱን የሚደግፍ ብዙ ሙከራ ተሠርቷል። በኢላትና በአቃባ በኩል ያሉ ኮራሎች፣ በተለይ ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለው፣ ከአካባቢያቸው የበጋ ሙቀት በላይ ብዙ ዲግሪ ሲጨመርባቸው ሳይነጡ ይቆያሉ፤ በሌላ ባሕር ኮራልን የሚገድል ጫና እነሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ግን ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። በጣም ሞቃት ቦታ የሚኖር ኮራል የግድ ብዙ ትርፍ አቅም አለው ማለት አይደለም። የደቡቡና የመካከለኛው ቀይ ባሕር ኮራሎች 32 ዲግሪን ይችላሉ፤ ነገር ግን በየበጋው ወሰናቸው አጠገብ ስለሚደርሱ ጥቂት ጭማሪ ይጥላቸዋል። በ2010 እና በ2015 በሳዑዲ ዳርቻ፣ በመካከለኛው ቀይ ባሕር፣ ብዙ ኮራል ነጥቷል። የሰሜኖቹ ወሰን ግን ከሚኖሩበት ሙቀት ራቅ ያለ ነው። ኮራልን ከጥፋት የሚያድነው ወሰኑ ከኑሮው የሚርቅበት ይህ ርቀት ነው። የሞቀውም ሆነ የቀዘቀዘው ወገን በአንድ ባሕር ሥር፣ በጥቂት አገሮች ድንበር ውስጥ መገኘቱ ቀይ ባሕርን እንደ እርሱ ያለ ሌላ የማይገኝለት የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ያደርገዋል። ስዊዘርላንድ ሎዛን በሚገኘው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተው ድንበር ተሻጋሪ የቀይ ባሕር ማዕከል ከ2019 ጀምሮ በባሕሩ ዙሪያ ያሉ አገሮችን ተመራማሪዎች አንድ ላይ ለማሠራት መነሣቱም ለዚህ ነው።

የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሌላው ጽንፍ ነው። እዚያ የበጋው ውሃ 35 ዲግሪን ያልፋል፤ በዓለም ኮራል ከሚኖርባቸው ባሕሮች እጅግ ሞቃቱ ነው። የባሕረ ሰላጤው ወለል በበረዶው ዘመን ደረቅ ሜዳ ስለነበር የዛሬዎቹ ኮራሎች ይህን ሁሉ ሙቀት መቻል የተማሩት በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ክላዶኮፒየም ቴርሞፊለም የተባለውን፣ በዚያ አካባቢ የገነነውን አልጌ ይይዛሉ። ቢሆንም የኮራሎቹ የራሳቸው ዘርም ድርሻ አለው። በ2021 በታተመ ሙከራ የባሕረ ሰላጤው ፕላቲጂራ ዴዳሊያ ኮራል አባት ሆኖ ሙቀት ካልለመዱ የህንድ ውቅያኖስ እናቶች ጋር ሲዳቀል የልጆቹ በሙቀት የመትረፍ አቅም እስከ 84 በመቶ አደገ። አባት ለልጁ አልጌም፣ ማይቶኮንድሪያም፣ የእንቁላል ስንቅም አያወርስም፤ የሚሰጠው የዋናውን ዘረመል ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ በአውስትራሊያው ሥራ የእናት ድርሻ ጎልቶ ሳለ እዚህ የአባቱ ብቻውን ይህን ያህል መሥራቱ ትልቅ ግኝት ነው። ሙቀት ካልለመዱት ንጹሕ የህንድ ውቅያኖስ ልጆችም ውስጥ ጥቂቶቹ ሳይጠበቁ በጣም ጠንካራ ሆነው መገኘታቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ጠንካራ ዘር ሞቃት በማይባል ባሕር ውስጥም ተደብቆ ይገኛል። የባሕረ ሰላጤው ኮራሎች ግን ወሰናቸው ላይ የሚኖሩ በመሆናቸው በ2017 በአቡ ዳቢ ዳርቻ ውሃው ሲግል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮራል አለቀ።

ገበሬ ከአውድማው የተሻለውን ለዘር እንደሚያስቀር ኮራልንም መርጦ ማራባት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በተሻለ የተፈተነው በፓላው ነው። በእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ቡድን በዚህች የፓስፊክ ደሴት አገር አክሮፖራ ዲጂቲፌራ የተባለውን ኮራል ፈትኖ ጠንካራ ወላጆችን ከጠንካራ፣ ደካሞችን ከደካማ አዳቀለ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልጆቹ ተፈትነው ውጤት የሚሰጡት 3 እና 4 ዓመት ሲሞላቸው ነው። በ2024 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የጠንካሮቹ ልጆች በእርግጥ ጠንካራ ወጡ። በኮራሎቹ መካከል ካለው ልዩነት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ ነው። በአንድ ትውልድ ምርጫ ሊገኝ የሚችለው ትርፍ ግን ቢበዛ 1 ዲግሪ ሳምንት ነው። ከላይ እንደተጠቀሰው ለሞት የሚያበቃው ጫና በ8 ዲግሪ ሳምንት ይጀምራል፤ በቅርብ ዓመታት የታዩት የሙቀት ጊዜያት ደግሞ ከዚህም ያለፉ ናቸው። ከዚህ የከፋው ሌላው ግኝት ነው። ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ ሙቀት ተመርጠው የተወለዱት ለአንድ ወር በሚቆይ ለዘብ ያለ ሙቀት ላይ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ሁለቱ አቅሞች በተለያዩ ጂኖች የሚመሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህ የ18 ሰዓቱን ፈተናም ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል፤ በባሕር ውስጥ ኮራልን የሚገድለው የሰነበተ ሙቀት ነውና።

በአልጌዎቹ በኩል የሚሄደው ጥረት ፈጣን ነው፤ አልጌ በቀናት ውስጥ ይባዛል። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲና በአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም የምትሠራው ማዴሌን ቫን ኦፐንና ባልደረቦቿ አንድን የክላዶኮፒየም አልጌ ለ4 ዓመት በ31 ዲግሪ እያሳደጉ ሙቀት የሚችሉ 10 መስመሮች አወጡ። ሁሉም በብልቃጥ ውስጥ ሙቀት ቻሉ። ወደ ኮራል እጮች ሲገቡ ግን እጮቹን ከመንጣት የጠበቁት 3ቱ ብቻ ነበሩ። አልጌው ለራሱ መጠንከሩ ለባለቤቱ ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ ይህ ሥራ በግልጽ አሳይቷል።

ተፈጥሮ ራሷ ምርጫውን እያካሄደች ነው። የፓላው ሪፎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የደረሰባቸው ሙቀትና የመንጣታቸው መጠን ሲነጻጸር አቅማቸው በየአሥር ዓመቱ 0.1 ዲግሪ ያህል ሳያድግ እንዳልቀረ ይገመታል። ይህ እርምጃ የዓለም ሙቀት ጭማሪ በጊዜ ከተገታ ብዙ ሪፍ ሊያተርፍ ይችላል። ሙቀቱ እንደ አሁኑ ከቀጠለ ግን ባሕሩ ኮራሉን ይቀድመዋል። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2018 ያወጣው ግምት የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪፍ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፋ ይገልጻል።

ምርጫ የሚሠራው የሚመረጥ ነገር እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በ2023 በጋ በፍሎሪዳ ዳርቻ ውሃው ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ሲሞቅ ለሺዎች ዓመታት የአካባቢውን ሪፍ የገነቡት ሁለት የአክሮፖራ ዝርያዎች በፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች ከ97 በመቶ በላይ አለቁ። ጠንካራውና ደካማው አብረው ሄዱ። የተረፉት የዘር ዓይነቶች ብዙዎቹ ሙቀቱ ሳይበረታ በፊት ሠራተኞች ከባሕር ነቅለው በየብስ ላይ ባሉ ገንዳዎች ያስገቧቸው ናቸው።

ይህን ዓይነቱን መጥፋት ፈርተው አንዳንዶች የኮራልን ዘር ማቀዝቀዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። የስሚዝሶኒያን ተቋሟ ሜሪ ሃጌዶርን በዘረጋችው ዘዴ የወንዱ ዘር በዘር መልቀቂያው ሌሊት ከእንክብሉ ተለይቶ በትናንሽ ቱቦዎች ይሞላና በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከፍሎሪዳና ከፖርቶ ሪኮ ተወስዶ ለዓመታት የቀዘቀዘ የወንድ ዘር በካሪቢያን ካለችው የኩራሳው ደሴት እንቁላሎች ጋር ተገናኝቶ፣ በሕይወት ዘመናቸው ፈጽሞ ሊገናኙ የማይችሉ ወላጆች ልጆች ተወልደዋል። የታላቁ ባሪየር ሪፍ ስብስብም እንዲሁ በአውስትራሊያ ውስጥ ከባሕር ርቃ በምትገኘው በዳቦ ከተማ ተቀምጧል። እዚያ በናይትሮጅን ጭስ በተሸፈኑ በርሜሎች ውስጥ ከየሪፉ በተለያየ ዓመት የተወሰደ ዘር፣ ከሞተም ካልሞተም ኮራል የተገኘ፣ የሚሞቅበትን ሌሊት ይጠብቃል።